ቀዩ አፈርና ሰባቱ ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አፈር፣ ስለ ደምና ስለ ዘር ነው። ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እሱም የጎጃም ገበሬ እግር ነው።

ከአፈሩ ልጀምር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊን፣ ዳንግላን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ደምበጫ የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑ ከቀይ መሬት አይላቀቅም። በበጋ አቧራው ነጠላ ያቀላል፤ በክረምት ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ አለት ከምድር ሆድ እየገነፈለ ወጥቶ ደጋውን አለበሰው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ሌላ እሳተ ገሞራ እየተጨመረበት፣ ዝናብ እየጠረበው፣ ፀሐይ እየፈረፈረው አለቱ ላመ፤ በውስጡ ያለው ብረት ዛገና አፈሩ ቀላ። በቆሎውም፣ ዳጉሳውም፣ የቡሬ በርበሬም የሚያምርበት መሬት ይኸው ነው። ይመግባል።

ይህን ያህል የሚመግብ አፈር ታዲያ ሰውም ይጎዳል። በአገሬው አጠራር ዝሆኔ ይባላል ጉዳቱ። ሲጀምር የእግር ጣቶችን ያሳክካል፣ ውስጥ እግርን ያቃጥላል። ሰውየው ማታ ከእርሻ ሲገባ እግሩ አብጦ ያየዋል፤ ጧት ሲነሣ ጎድሎ ያገኘዋልና ይንቀዋል። «ድካም ነው» ይላል። ዓመት ዓመትን ሲወልድ እብጠቱ ጧትም መጉደል ይተዋል፤ ቆዳው ይጠጥራል፣ ጣቶቹ እየደነደኑ ይሄዳሉ፣ ጉጥ ጉጥ ይላል። በዚያ ላይ ምች የሚሉት ይጨመራል፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት፣ የእግር መጋልና መቅላት። ምች የያዘው ሰው ሞፈር አይጨብጥም፤ መደብ ላይ ተጋድሞ ቀናት ይቆጥራል።

ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ዞሯል። 15 ዓመት ከሞላቸው 51,017 ሰዎች መካከል 1,704ቱ ይህ ዝሆኔ ነበረባቸው፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ከሠላሳ ሰው አንድ። በአንድ ሰንበቴ ድግስ ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አስቡና ቁጥሩን እዚያው ቁጠሩት።

አንድ ነገር ሳልረሳው። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር ትንኝ የምታመላልሰው ትል የሚያመጣው ሌላ ዝሆኔ አለ። የእኛ የደጋው ግን ትል የለበትም፣ ትንኝ የለበትም፣ ጀርም አያመጣውም። ከታመመው ሰው ጋር በአንድ መሶብ ብትበሉ፣ በአንድ ዋንጫ ብትጠጡ፣ በአንድ ቁርበት ብትተኙ አይጋባባችሁም። ይህን ሐኪሞቹ አጥብቀው ይናገራሉ፤ እኔም አጥብቄ እደግመዋለሁ፤ ምክንያቱን ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ። ተማሪ ልጅ ያለው ሰው ደም ቅዳና ደም መልስ ሲባል ሰምቷል። ልብ ደሙን በደም ቅዳ ትልካለች፤ በደም መልስ ትቀበላለች። ለእኛ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአውሮፓ እስከ 1620ዎቹ ድረስ ሊቃውንቱ ያስተምሩ የነበረው ጉበት ደምን ዕለት ዕለት ከምግብ እያመረተች፣ አካልም እየተጠቀመ እንደሚጨርሰው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ሒሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት የምትረጨውን በምቶቹ ብዛት ሲያባዛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ደም በመላ አካል ካለው በለጠ። ይህን ያህል ደም የሚያመርት ምግብ የት አለ? እንግዲያው ያው ደም ነው ዞሮ የሚመጣው አለ። ሒሳብ ቀላል ሆኖ ሳለ 1,400 ዓመት የቆየ ትምህርት አፈረሰ፤ እንዲህ ያለ ሙግት ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ዙሩ ሙሉ አይደለም። ደም ከፀጉር በቀጠኑት ሥሮች ሲያልፍ ውሃው ይሾልክና ሥጋችንን ያርሳል። ከሾለከው አብዛኛው ቢመለስም በየቀኑ ጥቂት ሊትር ያህሉ ውጭ ይቀራል። የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል፤ ጤፍ ሲዘራ ማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ያወጣ የለ? ፈሰሱ የተረፈውን ውሃ ወደ ዳር ያወጣል። ፈሰሱን ደለል የደፈነው እንደሆነ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ አዝመራው ይገረጣል። በአካላችንም ውስጥ የተረፈውን ውሃ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ሊምፍ ይባላሉ። ሊምፍን የምትገፋ ልብ የለችም። የመስመሮቹ ግድግዳ ራሱ ይኮማተራል፤ ስንራመድ ደግሞ የባታችን ጡንቻ ይጨምቀዋል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በየመካከሉ መዝጊያ አለው። ከእግር ተነሥቶ ብሽሽት ሲደርስ በእጢዎች መካከል ያልፋል፤ እዚያ ነጭ የደም ሕዋሳት እንግዳውን ሁሉ ይፈትሻሉ። በሬ ስታርዱ ከሥጋው ለይታችሁ የምትጥሉት እጢ የዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ ባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ሲውል በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች፣ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው፣ በቆዳው በኩል ይገባሉ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይውጧቸዋል፤ ሊያጠፏቸው ግን አይችሉም፤ ድንጋይ እንዴት ይፈጫል? ስለዚህ ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ፤ ቁጣው በተደጋገመ ቁጥር መስመሩ በጠባሳ ይጠብባል። ውሃው መውጫ ያጣል። ለዚህ ነው በሽታው ከታች፣ ከጣት ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው፤ ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች የሚቀረው።

ይህን የደረሰበት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየገበያው እየዞረ የታመሙትን መዘገበ። ብልህ ሰው! መዝገብ በሌለበት አገር ሰው ሁሉ በእግሩ ተጉዞ የሚሰበሰብበት ቦታ ከገበያ ሌላ የት አለ? የትኛው ገበያ ላይ ሕመምተኛ እንደሚበዛ ከከርሰ ምድር ካርታ ጋር ሲያስተያየው ሕመሙ ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር ተከትሎ ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ፣ ቀይ አፈር። ሦስቱን የያዘ አገር ጥሩ ብትሉኝ ጎጃምን እጠራለሁ።

ፕራይስን ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛውም። በአንድ ቀበሌ ሁሉም ሰው በባዶ እግሩ ያርሳል፤ የሚታመመው ግን ሁሉም አይደለም። ሕመሙም በቤተሰብ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የቤተሰብ ሐረግ እየመዘዘ ስለ ውርስ ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚገባበት። የጎጃም ሰው ሐረግ መምዘዝ ከማንም አይማርም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነበር፤ ያውም በአባት ብቻ አይደለም፣ በእናትም ጭምር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። አዋቂ ሽማግሌ የአንዱን ሰው ሐረግ በሴት ቅድመ አያቱ በኩል ወስዶ አቅኚው አባት ጋ ያደርሰው ነበር። ጋብቻ ሲመጣም ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቤት ታስቆጥራለች።

እንበልና ሽማግሌ ተልኮ ቤት ገባ። ተቀመጡ ቢባሉ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ።

«ምን እግር ጣላችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን።»

ቆጠራው ይጀመራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እያለ ሰባት ይደርሳል። አይገናኙም፤ እሰየው። የወንዱ ወገን ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላ ቆጠራ ይቆጥራል፣ ይሄኛው በሹክሹክታ ነው። «እናቷ እግሯን ታማ የለ?» «አጎቷስ?» በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ቀሩ። ልጅቱ አንድ ቀን እንኳ እግሯ ያላበጠ፣ ጤነኛ ናት። በጎጃም ምድር ስንት ጋብቻ እንዲህ ቀርቷል! የፈረሰ ትዳርም አለ፤ ከዕድርና ከሰርግ ራሱን ያገለለ፣ ቅዳሴ ከግቢ ውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰውም አለ።

ያ ሹክሹክታ ውሸት ነው እንዳልል፣ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ 59 ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደሆነ አገኙ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከእንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌይል ዴቪ ጋር ሆኖ፣ ከወላይታ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽሮ በታዋቂው የአሜሪካ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ልዩነቱ የተገኘው ኤች ኤል ኤ በሚባለው የዘረ መል ሰፈር ነው። የዚህ ሰፈር ሥራ ነጭ የደም ሕዋሳት ወዳጅን ከባዕድ እንዲለዩ ማድረግ ነው። ያ ልዩነት ያለበት ሰው ሕዋሳቱ በአፈሩ ብናኝ ላይ ቁጣቸው ይጠነክራል ተብሎ ይታሰባል።

ዘረ መል ከአባት ግማሽ፣ ከእናት ግማሽ ይመጣል፤ በዚህ ላይ የርስት ቆጣሪዎቻችን ትክክል ነበሩ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ድርሻው ይከፈላል። ከአያት ሩብ፣ ከቅድመ አያት አንድ ስምንተኛ፤ ሰባተኛው ቤት ስትደርሱ አያቶቻችሁ 128 ናቸው፤ የአንዳቸው ድርሻ በአማካይ ከ128 አንድ ነው። «የእናቷ አያት ዝሆኔ ነበረበት» ብሎ የልጅቱን ዕጣ የሚቆርጥ ሰው ይህን ክፍፍል ዘሎታል።

ከዚህ የባሰ የሚዘለል ደግሞ አለ። የ2007ቱ ጥናት የሕመሙን ውርስነት 63 በመቶ ሲል ለካው። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ «ከመቶ 63ቱ ልጅ ይታመማል» ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በእነዚያ ሰዎች መካከል፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የዳነበትን ልዩነት ከዘር ጋር ምን ያህል ማያያዝ እንደሚቻል ነው። አንድ አፈር ላይ፣ በአንድ ዓይነት ባዶ እግር የሚኖር ሕዝብ ስታጠኑ አፈሩ ለሁሉም እኩል ነውና ልዩነት ሆኖ አይታያችሁም፤ ጎልቶ የሚታየው ዘሩ ብቻ ይሆናል። ያንኑ ሕዝብ ጫማ አጫምታችሁ ብትመለሱ ዘሩ ሳይለወጥ ሕመሙ ይጠፋል።

ይህን ማንም የፈለሰፈው ተስፋ አይደለም፤ ሆኖ አይተነዋል። ይህ ዝሆኔ በድሮ ጊዜ በስኮትላንድና በአየርላንድ ነበር፤ በሰሜን አፍሪካ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ ነበር፤ በካናሪ ደሴቶችም ነበር። ዛሬ የለም። የስኮትላንድ ሰው ዘረ መሉን አልቀየረም። ጫማ ተጫማ፣ እግሩን ታጠበ፣ ያ ብቻ። 

«ታዲያ ተፈጥሮ ይህን መጥፎ ዘረ መል ለምን አላጠፋችውም?» ትሉኝ ይሆናል፤ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ነገር ደካማውን አበጥሮ ይጥላል ሲባል ሰምታችኋልና። ይህ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሱም ሰፋ ያለ ነው። ኤች ኤል ኤ በሰው ዘረ መል ውስጥ ከሰው ሰው እጅግ የሚለያይ ሰፈር ነው። ልዩነቱን ተፈጥሮ ራሷ ጠብቃ ያቆየችው ነው። ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር አንዱ ዓይነት ያለው ሰው ሲወድቅ ሌላው ዓይነት ያለው ይተርፋል፤ በቀጣዩ ወረርሽኝ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ብንሆን አንዱ ጀርም አገር ሙሉ ይዞን ይሄድ ነበር። ከእነዚህ የዘር መስመሮች አንዳንዶቹ እኛና ቺምፓንዚ ከመለያየታችን በፊት የነበሩ፣ ሚሊዮን ዓመታት የተሻገሩ ናቸው። ተፈጥሮ የምትመዝነው ለዘመኑ ፈተና ነው፤ ለሁሉ ነገር ጥሩ፣ ለሁሉ ነገር መጥፎ የሚባል ዘር የላትም። ጀርምን ለይቶ ለመዋጋት የተሠራ ዘብ ድንጋይ ብናኝ ሲያገኝ ያው ይቆጣል፤ ዘቡን የሠራችው ተፈጥሮ ማረሻና ቀይ ጭቃ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ባዶ እግር አላሰበችም።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የካርታ ሥራ በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት፣ 34.9 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ሕመሙ በሚገኝበት መሬት ላይ እንደሚኖር ወደ መገመት አደረሰ። የዘገየ ቆጠራ ነው ብል ማንም አይቆጣኝም፤ ፕራይስ ገበያ ከዞረ 40 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

ለያዘውስ ሰው ምን አለ? ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ መታጠብ። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን ያሉበት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ግማሾቹ እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ በፋሻ እንዲጠመጥሙ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ ተረዱ፤ ሌሎቹ ይህንኑ ሕክምና ከዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተራ ያዙ። በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ምች የያዛቸው በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ መደብ ላይ ከመዋል መትረፍ ግን፣ በሐምሌ አረም መካከል ለሚጨነቅ ሰው፣ ትንሽ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ሃያ ጊዜ! ሰው በዓመት ሃያ ጊዜ እንዲህ እየታመመ አርሶ ይበላል።

ሕመምተኛው ጸበል ይሄዳል፤ ማንም አይከለክለውም፣ አይገባምም። መንገዱን ግን በባዶ እግሩ ቢያደርገው አፈሩ ስለ ስእለት አያውቅም። ጫማ ላይ ያለን ልማድ ራሱ የተገለበጠ ነው። ለገበያና ለሰርግ እንጫማለን፣ ለእርሻ እናወልቃለን። ኮንጎ ጫማ ያላት ልጅ ከወንዝ ስትመለስ እንዳያልቅባት በእጇ ይዛው ትሄዳለች። በረባሶ ያለው አባት ከምንም ይሻላል፤ አቧራው ግን በጎን በኩል ይገባል። የሚያስፈልገው ሙሉውን እግር የሚሸፍን ጫማ ነው፣ ከልጅነት፣ መሬት መርገጥ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ። ብናኙ የሚጠራቀመው በዓመታት ነው፤ እብጠቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በጎረምሳነት ወይም ከዚያ በኋላ፣ ልክ የጋብቻ ወሬ በሚነሣበት ዕድሜ።

የገበሬውም ነገር ይገባኛል። በሐምሌ ጭቃ ጫማ አድርጎ ማረስ ማለት ጫማውን ለትልም መገበር ነው፤ እግር ሲነሣ ጫማው ይቀራል። ቦቲ ዋጋው ከባድ ነው፣ ለልጆች ሁሉ ሲሆን ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ አውልቆ የሚያርስ ሰው አይወቀስ፤ ከሞፈሩ ሲላቀቅ ግን ጭቃው እግሩ ላይ ደርቆ እንዳያድር። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና፣ በጣቶቹ መካከል እስኪጠራ ድረስ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን። ማታ እግሩ የማበጥ፣ ጧት የመጉደል ነገር ያየ ሰው ደግሞ እንቅልፉን ሲተኛ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ በማግሥቱም ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በዚያ ደረጃ ላይ ገና የሚመለስ እግር ነው።